መስመሩ እስከ ሱቁ ድረስ ነው

መጋቢት 4

ቤቱን አየነው። ሦስት ክፍል፣ ሰፊ ወጥ ቤት፣ ከኋላ ግቢ፣ ግቢው ጥግ ላይ በብረት እግር የቆመ የውሃ ታንከር። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በኮረኮንች ብዙ ይኬዳል። መንገዱ ሊያልቅ ሲል አንዲት ሱቅ አለች፤ ከሱቋ ወዲያ ባዶ መሬትና የተበታተኑ ቤቶች፣ ከዚያ ይኼ ቤት። ባለቤቴ ግቢው መሀል ቆሞ ዓይኑን ጨፈነና «ዝምታውን ስሚው» አለኝ። ሰማሁት። አሁን የምንኖርበት አፓርታማ ውስጥ ከበላያችን ያሉት ሰዎች ወንበር ሲጎትቱ ነው የሚያመሹት፤ እዚያ የሚጎተት ነገር የለም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ኢንተርኔት ይገባል ወይ? እንጀራዬ እሱ ነው። ሐኪምና በሽተኛ ቋንቋ አላግባባ ሲላቸው ሆስፒታሉ በቪዲዮ ይደውልልኛል፣ እኔ መሀል ገብቼ አስተረጉማለሁ። ድርጅቴ በሞባይል ኢንተርኔት መሥራት አይፈቅድም፤ ቤት ድረስ የተዘረጋ መስመር ግድ ነው። ከተቋረጠ አንዲት ሴት ስለ ሆዷ ሕመም እየተናገረች ግማሽ ላይ ትቀራለች። መስመር ከሌለ ሥራ የለኝም።

«ለእኔ ተይው» አለኝ። የኢንሹራንስ ገማች ነው፤ የተቃጠለና የተሰነጠቀ ቤት ሲመረምር ነው የሚውለው። በቤት ጉዳይ እሱን የሚያታልል ሰው ገና አልተወለደም። ተውኩለት።

መጋቢት 7

ይገባል። ጠይቋል። «ማንን?» ስለው «የሚመለከተውን» አለኝ። እሰይ። ጥሪ መጣ፣ ልሂድ።

መጋቢት 12

እህቴ ደወለች። ታላቄ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ስለምትሠራ ሰውን ሁሉ መድኃኒቱን በትክክል እንዳልወሰደ ታማሚ ነው የምታናግረው።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«ምኑን?»

«መስመሩን ነዋ።»

«እሱ ጠይቋል።»

«እኔ አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

ተናደድኩ። ባለቤቴን ከድሮም አትወደውም። «ጸጥታ አስከባሪው» ነው የምትለው፤ እሱ ሲገባ ሳሎኑ ጭጭ ይላል ትላለች። ከቤቱ ዋጋ ግማሹ ከአባታችን ቤት የደረሰኝ ድርሻ ስለሆነ አስተያየት የመስጠት መብት ያላት ይመስላታል። እኔ ካልፈረምኩ እኮ አይገዛም አልኳት። «እሷን ነገር እንዳትረሺያት» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ መቆሙን ያየሁት። ውሃ ሊጠጣ ነው የወጣው። ብርጭቆ ግን አልያዘም ነበር።

መጋቢት 15፣ ማታ

ተኝቷል። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ሥራ ጨርሼ በሩን ስከፍት ከበሩ ኋላ ቆሞ አገኘሁት። የሥራ ክፍሌ የምለው ከመኝታ ቤቱ ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት ነው፤ ጠረጴዛና ወንበር ከገባባት ሌላ አትችልም። «ዛሬ ከማን ጋር ነበር የሳቅሽው?» አለኝ። ማስታወስ አቃተኝ፣ ከዚያ ትዝ አለኝ። ሐኪሙ አንድ ሽማግሌ በሽተኛን «ሲጋራ አቁመዋል?» ሲላቸው «አዎ ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት አቆምኩ» አሉ። ሐኪሙም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ለባለቤቴ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም።

«እኔ በማላውቀው ሰው ነው ቤቴ የተሞላው» አለ።

አልፈርድበትም። ደክሞ ይገባል፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሰው በሽታና የሰው ድምፅ ነው። እኔም ጮክ እላለሁ። ማዳመጫ የሚያደርግ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማውም። ከነገ ጀምሮ እቀንሳለሁ፣ በሩ ሥር ደግሞ ጨርቅ አስገባበታለሁ። ይህን ገና ድሮ ማድረግ ነበረብኝ።

በኋላ ጋብ ሲል ጸጉሬን እየዳሰሰ «እዚያ ስንገባ ታርፊያለሽ» አለኝ።

«አሁንስ ቅዳሜና እሑድ አርፋለሁ አይደል እንዴ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኗል። እንቅልፍ ወስዶት ነው መሰለኝ። እጁ ግን ጸጉሬ ላይ ነበረ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች።

መጋቢት 17

ቤቱን ደግመን አየነው። አሁን እፎይ አልኩ። ሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ራውተር አለ፤ አረንጓዴ ያበራል። ዳሰስኩት፣ ሞቅ ይላል። ስልኬ ላይ ስፈልገው ስሙ ይመጣል። ፓስዎርዱን ልጠይቅና ልሞክረው ብዬ ወደ ሻጩ ዞር ስል ባለቤቴ ክርኔን ያዘኝ። «ሰው ቤት እንግድነት ገብተን ፓስዎርድ እንጠይቅ? ነውር አይደለም?» አለኝ በሹክሹክታ። እውነትም ነውር ነው። ሻጩ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፣ ቀና ብሎም አያየን።

ደላላው ጣልቃ ገባ። «እህታለም፣ አረንጓዴ ካበራ አለቀ! ቀይ ቢሆን እኔ ራሴ አልሸጥልሽም ነበር።»

የስልክ ኔትወርክ ግን የለም። አንድ ቦታ ብቻ ይመጣል፣ ታንከሩ አጠገብ፣ እጅን ከፍ ሲያደርጉ። ባለቤቴ «ግድ የለም፣ ታንከሩ ላይ ወጥተሽ ታስተረጉሚያለሽ» አለ። ደላላው በሳቅ ሞተ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ እያፏጨ ነበር የሚነዳው። ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ!

መጋቢት 22

ዛሬ አንዲት በሽተኛ ነበረች። ነርሷ የምትጠይቃትን ሁሉ ባሏ ነው የሚመልሰው። እኛ ማንም ይናገር ማን የተባለውን እናስተረጉማለን፤ አንጨምርም፣ አንቀንስም። ነርሷ በመጨረሻ «እባክዎ እሷ ትመልስ» አለች። አስተረጎምኩ። ሴትዮዋ ባሏን አየችው። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

በእኔ በኩል አይደለም፣ አረጋግጫለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ጥሪዎች እንዴት እንደሠራሁ አላውቅም።

መጋቢት 28

አለቃዬ ከመዛወሬ በፊት የአዲሱን ቤት መስመር ፍጥነት የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ላኪልኝ አለች። ለባለቤቴ ነገርኩት። ድርጅቱ የሰጠው ወረቀት ቢሮ ነው አለ። ነገ አመጣዋለሁ አለ።

ሚያዝያ 1

ረሳው። ሥራ በዝቶበታል።

ሚያዝያ 3

ዛሬም ረሳው። ከምጨቀጭቀው ብዬ የኢንተርኔት ድርጅቱ ገጽ ላይ ገብቼ የቤቱን አድራሻ ራሴ ጻፍኩ። «በዚህ አድራሻ አገልግሎት አልተገኘም» ይላል። የሱቋን አካባቢ ጻፍኩ፣ አለ። የቤቱን ደግሜ ጻፍኩ፣ የለም።

ማታ ስነግረው ማንኪያውን አስቀመጠ። አልጮኸም፤ እሱ አይጮህም።

«ገጹ አሮጌ ነው። በዓመት አንዴ ነው የሚያድሱት።»

«ታዲያ ወረቀቱን...»

«ሰላይ ሆንሽብኝ?»

ከዚያ ዝም። ሳህኑን ራሱ አጠበ፣ መብራቱን አጥፍቶ ገባ። እኔ ገና እየበላሁ ነበር።

ሚያዝያ 6

ዝምታው ዛሬ አበቃ። የመጋረጃ ጨርቅ ይዞልኝ መጣ፤ ወፍራም፣ ጥቁር ሰማያዊ። ለሳሎኑ መስኮት ነው። ወደ ውጭ ማየት እወዳለሁ ልለው ነበር፣ ተውኩት። ሰው ደስ እንዲለኝ ብሎ ሲያመጣ እንከን አይፈለግለትም።

እህቴ ማታ መልእክት ላከችልኝ። «ተሻለሽ?» ይላል። ምኑ? ደወልኩላት። ጠዋት ስትደውል ስልኬን ያነሳው እሱ ነበር፣ እኔ ሻወር ውስጥ ነበርኩ። «በጣም ደክሟታል፣ ለጊዜው ባትደውይላት ጥሩ ነው» ብሏታል።

«ደክሞሻል እንዴ?»

«ትንሽ።»

«ድምፅሽ እኮ የሰው ቤት ሆኖ እንደሚያወራ ሰው ነው» አለችኝ። ከእሷ ጋር ማውራት አንዳንዴ ያደክማል፣ እሱስ እውነቱን ነው።

ሚያዝያ 11፣ ማታ

ዛሬ ዋሸሁት። ጥርስ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ ብዬ ፈረቃዬን ቀየርኩና ብቻዬን በአውቶቡስ ወደዚያ ሄድኩ። ዋና መንገዱ ላይ ወርጄ ኮረኮንቹን በእግሬ ያዝኩት። ለምን እንደ ሌባ ወደ ኋላዬ እያየሁ እንደምሄድ አላውቅም። የራሴን ቤት ለማየት አይደል የሄድኩት።

ሱቋ ጋ ስደርስ ውሃ ገዛሁ። ባለሱቋ ደልደል ያለች፣ ነገር የማያልቅባት ሴት ናት። እዚያው ቆማ በስልኳ ድራማ ታያለች፣ አንዴም አይቆምባትም።

«ኢንተርኔቱ ጥሩ ነው?» አልኳት።

«የእኔ? እንደ ውሃ ነው።»

«ወደዚያስ? ያ የሚሸጠው ቤት ጋ?»

«ኧረ ወዲያ! መስመሩ እስከ እኔ ድረስ ነው። ከእኔ ወዲያ የለም።»

«ራውተር አይቼበታለሁ እኮ።»

«ሰውዬው ከከተማ ሲመጣ ይዞት የመጣ ነው። ኤሌክትሪክ ላይ ከሰኩት ያበራል፣ ምን ይሳነዋል። ሲቸግረው እኔ ጋ መጥቶ ነው የሚጠቀመው። ደግሞ ይኼን ለአንዱ ሰው ነግሬዋለሁ። መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። አንቺ የምትቀመጪበት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ደወለ። የለም አሉት። ‹ወደፊትስ?› አላቸው። እነሱም የለም አሉት፣ እኔም የለም አልኩት። ‹እርግጠኛ ነሽ?› ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ሰው እንዲህ ስለው ተበሳጭቶ ይሄዳል። እሱ አመስግኖኝ፣ ለስላሳ ጠጥቶ፣ መልሱን ትቶልኝ ሄደ።»

መቼ ነው አላልኳትም። እሷው ነገረችኝ፤ የቤቱ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ነው። እኔን ሊያሳየኝ ከማምጣቱ በፊት።

በአውቶቡስ ስመለስ ያሰብኩትን ልጻፍ። እሱ ሰው ማመስገን ይወዳል፣ የሰለጠነ ሰው ነው። ምናልባት ሌላ መፍትሔ ይዟል፣ በሳተላይት የሚሠራም አለ ይባላል። ምናልባት ሊያስደንቀኝ ነው። ምናልባት ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር አምታታችው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ስንት ሰው አለ።

እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው ጥያቄ ስጠይቅ የምውል ሰው ነኝ። ይኼን አንዱን የራሴን ጥያቄ ግን በእሱ አፍ አስጠየቅሁት። መልሱንም ከእሱ አፍ ተቀበልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ቢያደርግ እስቅበት ነበር።

ሚያዝያ 12

«ጥርስሽስ?» አለኝ ጠዋት።

«ሞሉልኝ።»

የሥራ ባትሪውን አነሳ፣ የግድግዳ ስንጥቅ የሚያይበትን። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አለኝ፤ እየሳቀ ነው። ከፈትኩ። የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ድሮ የተሞላውን በጣቴ አሳየሁት። ብርሃኑን እዚያ ላይ አቆየው። መንጋጋዬ እስኪያመኝ አቆየው።

«ጥሩ ሠርተውታል። የቆየ ነው የሚመስለው» አለ።

ሚያዝያ 17

አለቃዬ ደወለች። ድምፅዋ ለስለስ ብሏል። «ባለቤትሽ ነግሮናል። እናዝናለን፣ ግን እንረዳለን። እስከ ወሩ መጨረሻ ትጨርሻለሽ አይደል?»

ምን ብል ጥሩ ነው? «አዎ፣ አመሰግናለሁ» አልኳት። ሐፍረት ነው። ባሌ የማላውቀውን ነገር ተናግሯል ከማለት ሥራዬን መልቀቅ ቀለለኝ። ዕቃ ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ መልሼ ደወልኩና ስሕተት ነው፣ አልለቅም አልኳት። «ደህና ነሽ?» አለችኝ። እኔ ይኼን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ አስተረጉማለሁ፤ ለእኔ ተብሎ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁት።

መዛወሬን ሊያሳውቅልኝ ፈልጎ በደንብ ሳያስረዳ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ሚያዝያ 21፣ ማታ

ጠየቅሁት። ሥራ ላይ እንደማደርገው ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው።

«ቤቱ መስመር እንደሌለው ታውቃለህ?» አልኩት።

«ማነው የነገረሽ?»

«ታውቃለህ ወይ?»

«መጀመሪያ የነገረሽን ንገሪኝ።»

«ራሴ ሄጄ አየሁ።»

«መቼ?»

እጄ ወደ ጉንጬ ሄደ።

«ጥርስሽን የታከምሽ ቀን» አለ፣ ለራሱ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ደክሞሻል። ለአንቺ አይታይሽም፣ የማየው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሲጠራሽ ውሎ ማታ ለእኔ የሚተርፍ ድምፅ የለሽም። እዚያ ማንም አይጠራሽም።»

«ሥራዬ እኮ ነው።»

«ነበር በይው» አለ። «ሐሙስ እንፈርማለን።»

ግንባሬን ሳመኝና ገባ።

ሁለቴ አነበብኩት። በቃ ይኼ ነው ያለው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ስለሚወደኝ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን እሱ አላላትም፣ እኔ ነኝ የጨመርኳት።

ሚያዝያ 26

አልፈረምኩም።

የውል ቢሮው ውስጥ አራታችንም ቁጭ ብለን፣ እሱ ፈርሞ እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ፣ «መስመር የሌለው ቤት አልገዛም» አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ግን ተሰማ። ሻጩ ወለሉን አየ። ደላላው «እንዴ እህታለም፣ አረንጓዴ እኮ ነው» አለና ባለቤቴን አይቶ አፉን ዘጋ። ባለቤቴ ፈገግ ብሎ «ትንሽ ደክሟታል» አላቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ ጨበጣቸው። ይቅርታ ጠየቀልኝ። በሩን ከፍቶ ያዘልኝ።

መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። «እኔ አንቺን ሰው ፊት አዋርጄሽ አላውቅም።»

ልክ ሠራሁ? እሱስ ሳሎን መብራት ሳያበራ ምን እያደረገ ነው?

ሚያዝያ 27፣ ጠዋት

የአፓርታማችን ራውተር ቀይ ነው። ነቅዬ ሰካሁት፣ ቀይ። ሥራ መግባት ነበረብኝ። እሱ ወጥቷል፤ አልጋውን አንጥፎ ነው የሄደው።

የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። አልተበላሸም። ባለ መስመሩ ሰኞ ዕለት አመልክቶ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እንዲቋረጥ አስደርጓል። ባለ መስመሩ እሱ ነው፤ እዚህ ቤት ስንገባ በእሱ ስም ይሁን ተባብለን ነበር።

ብንፈርምም እኮ ቤቱን የምንረከበው ከወር በኋላ ነበር። ለዝውውሩ ብሎ ነው፣ ቀኑ ተምታቶበት ነው ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ሰረዝኩት። አልተምታታበትም። ጥፋቱ የቤቱ አይደለም፣ የሱቋም የድርጅቱም አይደለም። እኔ ስሠራ ደስ አይለውም፣ ስናገር ደስ አይለውም፣ እኔ ደግሞ ፈርቼዋለሁ። ፈርቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ

እህቴ ቤት። እሷ ገና ከፋርማሲ አልመጣችም። ቁልፍ ከጎረቤቷ ወስጄ ገባሁ፤ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ከውስጥ እንደሰካሁ ትቼዋለሁ። ይዤ የወጣሁት ማዳመጫውን፣ ላፕቶፑን፣ ይህን ደብተርና አንድ ቅያሪ ልብስ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ግን የኢንተርኔት ድርጅቱ ቢሮ ነበር። እህቴ ቤት እመጣለሁ ብዬ አልወጣሁም፤ ያሰብኩት መስመር ላስገባ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። በማን ስም እንደሚሆን ጠየቀችኝ፣ በእኔ አልኳት። «አድራሻዎን ይንገሩኝ» አለችኝ።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይጠራል፤ ያቆማል፣ መልሶ ይጠራል። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ እንዳስቀመጠች ትጠብቀኛለች። የአፓርታማውን አድራሻ ብሰጣት ማታ ማን በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

የእህቴን ሰፈርና የቤት ቁጥር ነገርኳት።

«ቆይ፣ መድረሱን ልይልዎ» አለችኝ። ጻፈች፣ ጠበቀች። «እዚህስ አለ። መቼ ነው የሚገቡት?»

«ዛሬ» አልኳት።